በትልልቅ የጉዞ ሞተር ብስክሌቶች የሚያጋጥሙ የሞተርና የካምቢዮ ዘይት ችግሮች፦ መለያቸውና መፍትሔያቸው

ለረጅም ርቀት ጉዞ የሚሠሩ ትልልቅ ሞተር ብስክሌቶች ከአሽከርካሪው፣ ከተሳፋሪውና ከጓዛቸው ጋር ከግማሽ ቶን በላይ ሊመዝኑ ይችላሉ። ይህን ክብደት የሚሸከሙት ሞተር፣ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ ደኅንነታቸው የሚጠበቀው ዓይነቱና መጠኑ በተወሰነ ዘይት ነው። ዘይት አጥቶ የሞቀ ካምቢዮ በጉዞ ላይ ከተጣበቀ የኋላ ጎማው በድንገት ይቆለፋል። ባለ ሁለት ጎማ ተሽከርካሪ በፍጥነት ላይ እያለ ይህ ቢያጋጥመው አሽከርካሪው ሚዛኑን ለመጠበቅ የሚያገኘው ጊዜ እጅግ አጭር ነው። ስለዚህ የዘይት ጉዳይ የጥገና ወጪ ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የሕይወት ደኅንነት ጥያቄም ነው።

ብዙ ባለንብረቶች ዘይት ጎድሎ ሲያገኙ ወዲያውኑ ይጨምራሉ። ከመጨመር በፊት ግን ሁለት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው። የመጀመሪያው ተሽከርካሪው ስንት የተለያዩ የዘይት ቋቶች እንዳሉት ሲሆን፣ ሁለተኛው የጎደለው ዘይት ወዴት እንደሄደ ነው።

የዘይት ቋቶች አደረጃጀት

የጉዞ ሞተር ብስክሌቶች የዘይት አደረጃጀት እንደ አምራቹና እንደ ሞዴሉ ይለያያል።

በሃርሊ-ዴቪድሰን ትልልቅ የጉዞ ሞዴሎች ሦስት የተለያዩ ቋቶች አሉ። አንደኛው የሞተሩ፣ ሁለተኛው ፍሪሲዮኑና ኃይል ወደ ካምቢዮ የሚያደርሰው ካቴና የሚገኙበት ቤት፣ ሦስተኛው የካምቢዮው ነው። እያንዳንዱ የራሱ መሙያና ማፍሰሻ አለው።

በሆንዳ ጎልድ ዊንግ ጂ.ኤል. 1800 ሞዴል ሞተሩ፣ ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው አንድ ዘይት ይጋራሉ። ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚደርሰው በካቴና ሳይሆን በዘንግ በመሆኑ፣ ከጎማው አጠገብ ያለው የማርሽ ቤት ለብቻው ዘይት ይወስዳል።

የቢ.ኤም.ደብሊው አር 1200 አር.ቲ ደግሞ በአንድ ስም ሁለት ዓይነት አደረጃጀት ነበረው። እ.ኤ.አ. እስከ 2013 የተሠሩት ደረቅ ፍሪሲዮንና የራሱ ዘይት ያለው ካምቢዮ ነበራቸው። ከ2014 ጀምሮ የተሠሩት ግን በዘይት ውስጥ የሚሠራ ፍሪሲዮን ያላቸው ሲሆን ካምቢዮውም ከሞተሩ ጋር ዘይት ይጋራል። የሞዴሉን ስም ብቻ ሳይሆን የተሠራበትን ዓመት ማወቅ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ተገቢውን ዘይት ስለመምረጥ

ፍሪሲዮኑ በሞተር ዘይት ውስጥ የሚሠራ ከሆነ፣ ለመኪና የተዘጋጀ ነዳጅ ቆጣቢ ዘይት መጠቀም አይገባም። በዚህ ዓይነቱ ዘይት ውስጥ ያሉ ግጭት ቀናሽ ቅመሞች የፍሪሲዮኑን ሸራዎች ያንሸራትታሉ። በዘይት ዕቃው ላይ መፈለግ ያለበት ምልክት ጃሶ በሚባለው የጃፓን መለኪያ «ኤም.ኤ»፣ «ኤም.ኤ 1» ወይም «ኤም.ኤ 2» የሚለው ነው። «ኤም.ቢ» የሚለው ግጭቱ ዝቅተኛ ስለሆነ በዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን አይሆንም።

ለመኪና አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሸጠው ፈሳሽ ስሙ ቢመሳሰልም የሞተር ብስክሌትን የማርሽ ዘይት አይተካም። አምራቹ በመመሪያው በግልጽ ካልፈቀደ በስተቀር ወደ ካምቢዮ መጨመር የለበትም።

በአሜሪካ በተዘጋጁ መመሪያዎች የዘይት መጠን የሚጻፈው በኳርትና በአውንስ ነው። አንድ የአሜሪካ ኳርት 0.946 ሊትር፣ አንድ የአሜሪካ ፈሳሽ አውንስ ደግሞ 29.6 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። አራት ኳርት የሚለውን አራት ሊትር አድርጎ የሞላ ባለንብረት ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ ትርፍ ዘይት ይጨምራል።

የዘይት መጠን አለካክ

የተሳሳተ ልኬት የሌለ ችግርን ያለ ያስመስላል፤ ያለውንም ይደብቃል። ልኬቱ የሚወሰደው በተስተካከለ መሬት ላይ ነው። ተሽከርካሪው በጎን መቆሚያው ተደግፎ ወይስ ቀጥ ብሎ ይለካ የሚለው እንደ ሞዴሉ ይለያያል፤ በአንዳንድ ተሽከርካሪዎችም የሞተሩና የካምቢዮው አለካክ አንድ ላይሆን ይችላል። የመለኪያ ዘንጉ ጥርስ ካለው፣ ሲለካ መጠምዘዝ ወይም በጥርሱ አፍ ላይ ብቻ ማሳረፍ እንደሚገባ ከመመሪያው መረጋገጥ አለበት። ለጎልድ ዊንግ ተሽከርካሪው ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ከጠፋና ዘይቱ ከሰከነ በኋላ ዘንጉ ሳይጠመዘዝ ይለካል።

የችግር ምልክቶችና ትርጉማቸው

የአንዱ ቋት ዘይት ጎድሎ የሌላው ከተረፈ፦ በሁለቱ መካከል ያለው ፓራሊዮ አልቋል ወይም የአየር መተንፈሻው ተደፍኗል ማለት ሊሆን ይችላል። ባለ ሦስት ቋት በሆኑ ተሽከርካሪዎች የፍሪሲዮን ቤት ዘይት ወደ ካምቢዮ ሲሻገር መሬት ላይ አንዲትም ጠብታ አትታይም። ፍሪሲዮኑና ካቴናው ዘይት ሲያጡ ካምቢዮው ከልክ በላይ ይሞላል። የጎደለውን ብቻ መሙላት ችግሩን ስለሚያራዝም፣ አንዱ ቋት ጎድሎ ሲገኝ የሌሎቹም መለካት አለባቸው።

የሞተር ዘይት በመለኪያው ጎድሎ ሞተሩ ከወትሮው በላይ ከሞቀ፣ ጉልበት ካጣና ዘይት ወደ አየር ፊልትሮ ከተፋ፦ ዘይቱ አልጠፋም፤ ወደ ማጠራቀሚያው ሳይመለስ በክራንክ ቤት ውስጥ ተከማችቷል ማለት ሊሆን ይችላል። በዚህ ሁኔታ ዘይት መጨመር ጉዳቱን ያባብሳል። የመመለሻ ፓምፑና ጎሚኒዎቹ በባለሙያ መታየት አለባቸው።

ዘይቱ ወተት ከመሰለ፦ ውኃ ገብቶበታል። በአጫጭር ጉዞ ብቻ የሚያገለግል ሞተር በቂ ሙቀት ስለማያገኝ ጤዛ ይዞ ሊሆን ይችላል። በውኃ በሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ ግን የማቀዝቀዣው ፈሳሽ መቀነሱ አብሮ መታየት አለበት።

ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተና መጠኑ ከጨመረ፦ ነዳጅ ወደ ሞተሩ እየወረደ ነው። ዘይቱ ስለሚቀጥን ምክንያቱ ተገኝቶ ዘይቱ እስኪቀየር ድረስ ሞተሩ መነሣት የለበትም።

በማፍሰሻ ቡሎኑ ማግኔት ላይ ብረት ከተገኘ፦ እንደ ቅባት የላመ ግራጫ ብናኝ የተለመደ የሥራ ውጤት ነው። በእጅ የሚለይ ስባሪ ወይም ቅርፊት ግን ማርሽ ወይም ኩሽኔታ መሰበሩን ያመለክታል፤ ተሽከርካሪው ካምቢዮው ሳይፈተሽ መንገድ መውጣት የለበትም።

የፍሳሽን ምንጭ ስለማግኘት

በጉዞ ላይ ነፋስ ዘይትን ወደ ኋላና ወደ ታች ስለሚገፋ፣ የሚንጠባጠብበት ቦታ ምንጩ ላይሆን ይችላል። ሞተሩና የካምቢዮው ቤት በዘይት ማስለቀቂያ ታጥበው ከደረቁ በኋላ በተጠረጠረው ቦታ ላይ ደረቅ ነጭ ፓውደር ይነሰነሳል። ከአጭር ጉዞ በኋላ ፓውደሩ ላይ የሚታየው የመጀመሪያው እርጥበት ይመረመራል፤ ምንጩም በአብዛኛው ከእርጥቡ ሥፍራ እጅግ ከፍ ያለውና ወደ ፊት የሚገኘው ነው። ዘይት የኋላ ጎማን ከነካ ግን ሙከራ አይደረግም፤ ተሽከርካሪው በጭነት ወደ ጋራዥ ይወሰዳል።

በዘይት ቅየራ ወቅት የሚፈጸም ከባድ ስሕተት

እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ በተሠሩ በርካታ የሃርሊ-ዴቪድሰን የጉዞ ሞዴሎች የሞተሩ ዘይት ማጠራቀሚያ ከካምቢዮው ሥር ስለሚገኝ፣ የሞተሩና የካምቢዮው ማፍሰሻ ቡሎኖች ተቀራርበው ይገኛሉ። የሞተሩን ዘይት ያፈሰሰ የመሰለው ሰው የካምቢዮውን አፍስሶ አዲሱን ዘይት በሞተሩ ላይ ቢጨምር፣ ሞተሩ እጥፍ ዘይት ይሸከማል፤ ካምቢዮው ባዶውን ይቀራል። ሞተሩ ያለ ችግር ስለሚነሣ ስሕተቱ የሚታወቀው ከጉዳት በኋላ ነው።

ይህን ለመከላከል የሚከተለው ሥርዓት ይመከራል።

1. ቡሎኖቹ ከመፈታታቸው በፊት ከመመሪያው ሥዕል ጋር ይመሳከሩ፤ ምልክትም ይደረግባቸው።

2. ዘይቱ ለብ ካለ በኋላ በመጠን መለኪያ ዕቃ ውስጥ ይፍሰስ። የፈሰሰው መጠን ለዚያ ቋት ከተጻፈው እጅግ ካነሰ ሥራው ቆሞ ይጣራ።

3. የቡሎኑ ጎሚኒ ወይም ማጠቢያ ቀለበት በአዲስ ይተካ። የቤቱ ጥርስ የአሉሚኒየም በመሆኑ ቡሎኑ ኃይል በሚለካ ቁልፍ፣ አምራቹ በወሰነው ልክ ይጥበቅ።

4. ከተወሰነው መጠን በጥቂቱ የሚያንስ ዘይት ተጨምሮ ይለካ፤ ከዚያ በኋላ ቀሪው ቀስ በቀስ ይሞላ።

5. ሞተሩ ሲነሣ የዘይት ግፊት መብራት ወዲያው ካልጠፋ ሞተሩ ይጥፋ።

ቋቶች ተምታተው ከሆነ ሞተሩ መነሣት የለበትም። ተነሥቶ ከሆነም ወዲያውኑ ይጠፋል፤ ተሽከርካሪውም አይነዳም። ትርፉ ዘይት ይፈስሳል፤ ካምቢዮውም በራሱ ዘይት ይሞላል። ካምቢዮው ባዶ ሆኖ ተነድቶ ከነበረ መሙላቱ ብቻውን በቂ ስላልሆነ በባለሙያ መፈተሽ አለበት።

ከጋራዥ ሊጠየቅ የሚገባው መረጃ

ባለንብረቱ ሥራው ሲጠናቀቅ የፈሰሰው መጠን፣ የተሞላው መጠንና የዘይቱ ዓይነት ለእያንዳንዱ ቋት ተለይቶ በጽሑፍ እንዲሰጠው መጠየቅ ይኖርበታል። በሁለት ተከታታይ ቅየራዎች መካከል ያለው ልዩነት ዘይት ከየት ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ ነው። ከዚሁ ጋር የሻንሲ ቁጥሩን ለአምራቹ ወኪል በማቅረብ ያልተፈጸመ የማረሚያ ጥሪ ካለ ማረጋገጥ ይቻላል። የዘይት ፍሳሽ ያለበት ተሽከርካሪ ለዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ከመቅረቡ በፊት መጠገን አለበት፤ አጥቦ ማቅረብ ጥገናን አይተካም።

የተቃጠለ ዘይት አወጋገድ

የተቃጠለ ዘይት አፈርንና ውኃን ስለሚበክል በመሬት ላይ፣ በቦይ ወይም በወንዝ መደፋት የለበትም። ከቤንዚን፣ ከፍሬን ዘይትና ከማቀዝቀዣ ፈሳሽ ጋር ሳይቀላቀል ክዳን ባለው ዕቃ ተይዞ፣ ለመሰብሰብ ፈቃድ ላለው አካል ወይም ለሚቀበል ጋራዥ መሰጠት አለበት። በሥራው ጊዜ የእጅ ጓንት ማድረግ፣ ዘይት የነካውን ቆዳም በሳሙና መታጠብ ተገቢ ነው።

ማሳሰቢያ፦ በጉዞ ላይ የዘይት ግፊት መብራት ከበራ፣ ከካምቢዮ ያልተለመደ የፍጭት ድምፅ ከተሰማ ወይም ማርሽ ማስገባት ካስቸገረ፣ አሽከርካሪው የፍሪሲዮን እጀታውን ይዞ ከመንገድ ዳር በጥንቃቄ በመቆም ሞተሩን ማጥፋት አለበት። እስከሚቀጥለው ከተማ ለመድረስ በሚል ጉዞ መቀጠል አይገባም።