የእንግሊዝኛ ተቃርኖ አያያዦች

ተቃርኖ አያያዦች በእንግሊዝኛ ሰዋስው ሁለት የሚቃረኑ ሐሳቦችን የሚያገናኙ ቃላትና ሐረጎች ናቸው። በአማርኛ «ግን»፣ «ነገር ግን»፣ «ቢሆንም» እና «ምንም እንኳ» የሚሠሩትን ሥራ ይሠራሉ። ትርጉማቸው ቢቀራረብም አንዱ በሌላው ቦታ ዝም ብሎ አይገባም፤ ምርጫውን የሚወስነው ከአያያዡ በኋላ የሚመጣው ነው።

ዓይነቶች

«በት» መስተጻምር ሲሆን ራሳቸውን በቻሉ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መካከል ይገባል፦ «ሺ ኢዝ ታየርድ፣ በት ሺ ኢዝ ወርኪንግ» (ደክሟታል፣ ግን እየሠራች ነው)።

«ኦልዞው» እና «ዞው» ባለቤትና ግስ ይከተላቸዋል፦ «ኦልዞው ሺ ኢዝ ታየርድ፣ ሺ ኢዝ ወርኪንግ» (ቢደክማትም እየሠራች ነው)።

«ዲስፓይት» እና «ኢን ስፓይት ኦቭ» መስተዋድዶች ናቸው። ከእነርሱ በኋላ ስም፣ ተውላጠ ስም ወይም በ«ኢንግ» የሚያልቅ የግስ ቅርጽ ይመጣል፦ «ዲስፓይት ዘ ሬይን፣ ዊ ወንት አውት» (ዝናብ ቢኖርም ወጣን)። «ኦቭ» የ«ኢን ስፓይት» እንጂ የ«ዲስፓይት» ተከታይ ስላልሆነ «ዲስፓይት ኦቭ» ማለት ስሕተት ነው።

«ሃውኤቨር» ተውሳከ ግስ ነው። ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን በነጠላ ሰረዝ ብቻ ማያያዝ አይችልም፤ በጽሑፍ ከፊቱ ነጥብ ወይም ድርብ ሰረዝ፣ ከኋላው ነጠላ ሰረዝ ይደረጋል።

ከአማርኛ ጋር ያለው ልዩነት

በአማርኛ ተቃርኖ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ደጋግሞ ሊመለከት ይችላል። «ምንም እንኳ ቢደክማትም ግን እየሠራች ነው» ሲባል «ምንም እንኳ»፣ በግሱ ላይ ያሉት «ቢ» እና «ም» እንዲሁም «ግን» አብረው ይገኛሉ። ይህን ልማድ ወደ እንግሊዝኛ የሚያሻግር ተማሪ «ኦልዞው» ብሎ ጀምሮ በመካከሉ «በት» ይጨምራል። በመደበኛ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ግን ከሁለቱ አንዱ ብቻ ይበቃል።

ሌላው ልዩነት የቦታ ነው። «ግን» «እሷ ግን አልመጣችም» እንደሚባለው ከባለቤቱ በኋላ ሊገባ ይችላል። በዚህ ትርጉሙ «በት» ከባለቤቱ በፊት ይቀመጣል። ከባለቤቱ በኋላ ሊገባ የሚችለው «ሃውኤቨር» ነው፤ በዚያን ጊዜ በሁለት ነጠላ ሰረዞች መካከል ይጻፋል፦ «ሺ፣ ሃውኤቨር፣ ዲድ ኖት ካም»።