ሁለት ቁጥሮች፦ ጎማ፣ ሱስፔንሽንና የዕውቀት ባለቤትነት በአሜሪካ የመኪና ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ የሚነሣው ከሁለት ቁጥሮች ነው፤ ከ15 እና ከ26። ጀኔራል ሞተርስ የ1960 ሞዴል አድርጎ ለገበያ ያቀረባት ሼቭሮሌ ኮርቬር፣ የፊት ጎማዎቿ 15፣ የኋላዎቹ ደግሞ 26 ፓውንድ በካሬ ኢንች ነፋስ እንዲኖራቸው ፋብሪካው አዝዞ ነበር። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። የፊቱ ከኋላው ይህን ያህል ለምን አነሰ? ምክንያቱን ማን ያውቅ ነበር? ማንስ ማወቅ ይገባው ነበር? የኮርቬር ታሪክ ብዙውን ጊዜ የአንዲት መጥፎ መኪና ታሪክ ሆኖ ይነገራል። እኔ ግን የዕውቀት አደላደል ታሪክ አድርጌ ላየው እወዳለሁ።

ነገሩን ከመሠረቱ እንመልከት። መኪና በሚታጠፍበት ጊዜ ጎማው ልክ ወደ ዞረበት አቅጣጫ አይሄድም። መሬት የነካው ላስቲክ በጎን ጉልበት ስለሚለጠጥ፣ ጎማው በዞረበትና በእርግጥ በሚጓዝበት አቅጣጫ መካከል ትንሽ ማዕዘን ይፈጠራል። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዦርዥ ብሩልዬ ስለዚህ ማዕዘን የጻፈው በ1925 ነበር። የፊት ጎማዎች ማዕዘን ከኋላዎቹ ከበለጠ መኪናው መሪው ካዘዘው በላይ ወደ ውጭ ይሰፋል፤ ይህ አንደርስቲር ይባላል። የኋላው ከበለጠ ግን ጭራው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ይህም ኦቨርስቲር ነው። ሁለቱን ቃላት በሙያው ውስጥ በማስለመድ ስሙ የሚነሣው ሞሪስ ኦሊ ነው። ኦሊ ከሮልስ ሮይስ ወጥቶ በ1930 ወደ ካዲላክ የገባ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ሲሆን፣ ለአሥርተ ዓመታት በጀኔራል ሞተርስ ውስጥ ሠርቷል።

ከ1952 ጀምሮ ደግሞ በቡፋሎ ከተማ የሚገኘው የኮርኔል ኤሮኖቲካል ላቦራቶሪ በጀኔራል ሞተርስ ድጋፍ ጥናቱን ወደ ሒሳብ ቀመር አሸጋገረው። የጥናቱ መሪ ዊልያም ሚሊከን የአውሮፕላን መረጋጋትን ለማጥናት የሚያገለግለውን ዘዴ ለመኪና አዋለው፤ ውጤቱም በ1956 ለንደን ውስጥ ለመካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ቀረበ። ሚሊከን በላቦራቶሪ የተወሰነ ሰው አልነበረም። በ1948 በዋትኪንስ ግሌን ውድድር ቡጋቲውን ገልብጦ፣ የተገለበጠባት መታጠፊያ በስሙ ተጠርታለች። እንግዲህ ኮርቬር ገበያ ስትወጣ የመኪና የመታጠፍ ጠባይ የተጠና፣ የተለካና የታተመ ጉዳይ ነበር።

ኮርቬር በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተሯን ከኋላ የያዘች መኪና ናት፤ ከክብደቷም ከ60 በመቶ በላይ የሚያርፈው በኋላ ጎማዎች ላይ ነበር። የኋላ ሱስፔንሽኗ ስዊንግ አክስል የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ጎማ ከዘንጉ ጋር ሆኖ ከዲፈረንሻሉ አጠገብ ካለ አንድ መጋጠሚያ ላይ ይወዛወዛል። በጠንካራ መታጠፍ ጊዜ የመኪናው ጭራ ወደ ላይ ይነሣል፣ የውጭው ጎማ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ መሬት የያዘውም ስፋት በድንገት ይቀንሳል። ይህ ጠባይ የኮርቬር ብቻ አልነበረም፤ የጀርመኖቹ ፎልክስዋገንና ፖርሼ 356 ተመሳሳይ አሠራር ነበራቸው።

የ15 እና የ26 ምሥጢር እዚህ ላይ ይገለጣል። ነፋሱ የቀነሰ ጎማ ግድግዳው ስለሚለሰልስ፣ ለዚያው የጎን ጉልበት የሚፈጥረው ማዕዘን ይሰፋል። የፊት ጎማዎችን ማለስለስ ማለት መኪናዋን ወደ አንደርስቲር መግፋት፣ ጭራዋንም ከመውጣት መግታት ማለት ነው። ሌላም መፍትሔ ነበር። የግራና የቀኙን የፊት ሱስፔንሽን የሚያገናኝ ስታቢላይዘር የተባለ የብረት ዘንግ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ገንዘብ ግን ያስወጣል። ስታቢላይዘሩ በ1962 በልዩ ትእዛዝ፣ ከጠንካራ ሞላዎች ጋር ለሚከፍል ገዢ ቀረበ። በ1964 በሁሉም ኮርቬሮች ላይ ከፋብሪካው ተገጠመ፤ በ1965 ደግሞ ስዊንግ አክስሉ ራሱ ቀርቶ አዲስ የኋላ ሱስፔንሽን ተተካ።

በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት የመኪናዋ ሚዛን በአብዛኛው በነፋስ ላይ ተጥሎ ነበር ማለት ነው። ነፋስ ደግሞ ይቀንሳል፣ ይሞላል፣ ይረሳል። አራቱንም ጎማዎች እኩል መሙላት የለመደ አሽከርካሪ ወይም የነዳጅ ማደያ ሠራተኛ፣ በቅንነት በሠራው ሥራ የመሐንዲሱን መፍትሔ ሊያፈርሰው ይችላል። ቁጥሮቹ በመመሪያ መጽሐፉ ውስጥ ታትመዋል፤ ክብደታቸው ግን ከቁጥሮቹ ጋር ወደ አሽከርካሪው አልተሻገረም።

ጠበቃው ራልፍ ኔደር በ1965 መጨረሻ ባሳተመው መጽሐፍ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለኮርቬር የሰጠው በዚህ ምክንያት ነበር። መጽሐፉ ያስነሣው ክርክር በመስከረም 1966 ፕሬዚዳንት ጆንሰን ለፈረሙት የመኪና ደኅንነት ሕግ አስተዋጽኦ አድርጓል። ሕጉን ተከትሎ የተቋቋመው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን የ1963ቱን ኮርቬር ከፎርድ ፋልከን፣ ከፕሊማውዝ ቫሊያንት፣ ከፎልክስዋገንና ከሬኖ ዶፊን ጋር አወዳድሮ ፈተነ። በ1972 ባወጣው ዘገባም መኪናዋ ከዘመነኞቿ የተለየ የመገልበጥ ወይም ከቁጥጥር የመውጣት ዝንባሌ እንደሌላት ደመደመ።

ብዙዎች ከዚህ ላይ አንዱ ወገን ዋሽቷል ብለው ይደመድማሉ። በእኔ አስተያየት ግን ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው። የ1972ቱ ዘገባ ኮርቬር ከእኩዮቿ ትብስ እንደሆነ ጠየቀ። ኔደር ደግሞ አምራቹ የሚያውቀውን አደጋ በማን ትከሻ ላይ እንደጣለው ጠየቀ። ለመጀመሪያው አይደለም ብሎ መመለስ ሁለተኛውን አይዘጋውም። እንዲያውም እኩዮቿም እንደ እርሷ ነበሩ ማለት ችግሩ ሰፊ ነበር ማለት ነው።

ይህ ዕውቀት በተራ አሽከርካሪ እጅ ሲገባ ምን መልክ ይይዛል? ለዚህ ጥሩው ማስረጃ አውቶክሮስ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክበቦች በሰፋፊ የመኪና ማቆሚያዎችና በአሮጌ የአውሮፕላን ማረፊያዎች ላይ ምልክት እየተከሉ፣ አንድ በአንድ ከሰዓት ጋር የሚፎካከሩበትን ጨዋታ አዳበሩ። በ1944 የተመሠረተው ስፖርትስ ካር ክለብ ኦፍ አሜሪካ በ1973 የመጀመሪያውን ብሔራዊ ሻምፒዮና አካሄደ። መታጠፊያዎቹ የተቀራረቡ በመሆናቸው፣ ከሞተሩ ጉልበት ይልቅ የጎማና የሱስፔንሽን ሚዛን ይፈርዳል።

ተወዳዳሪው የጎማውን ትከሻ በጠመኔ ይቀባል፤ ከዙሩ በኋላ ጠመኔው እስከ የት እንደተፋቀ ያያል። ወደ ግድግዳው ወርዶ ከተፋቀ ነፋሱ አንሷል፤ ትከሻው ሳይነካ ከቀረ በዝቷል። የጎማውን ሙቀት ከውስጥ፣ ከመሐልና ከውጭ ለክቶ የጎማው ዘንበል ትክክል መሆኑን ይመረምራል። ጭራው ከወጣበት የፊቱን ስታቢላይዘር ያጠነክራል ወይም የኋላውን ያላላል። ምክንያቱም ጎማ የተጫነበት ክብደት እጥፍ ሲሆን መሬት የመያዝ ኃይሉ እጥፍ አይሆንም፤ ስለዚህ ክብደትን ከውስጠኛው ወደ ውጭኛው ጎማ አብዝቶ ያሸጋገረው ወገን በድምሩ ይዳከማል። አስተዋይ ተወዳዳሪ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጣል፣ ይመዘግባል፣ ሰዓቱን ያነጻጽራል። ይህ ዘዴ ከላቦራቶሪው ሥርዓት በመሣሪያው እንጂ በመርሑ አይለይም።

እዚህ ላይ ያለው ልዩነት ግልጽ ነው። በአውቶክሮስ ሜዳ ነፋስ የሚቀንሰው ሰው ለምን እንደቀነሰ ያውቃል፤ ቢሳሳት የሚከፍለው የወደቀ ምልክትና ጥቂት ሰከንድ ነው። የኮርቬር ባለቤት ግን መኖሩን በማያውቀው ማስተካከያ ላይ ተደግፎ፣ ቤተሰቡን ጭኖ በሕዝብ መንገድ ይነዳ ነበር። የፊዚክሱ ሕግ አንድ ሆኖ ሳለ የሁለቱ ሰዎች ዕጣ የተለያየው በዕውቀት ነው።

ነገ መሐንዲስ የምትሆኑ ተማሪዎች ከዚህ ታሪክ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ እንድትሄዱ እሻለሁ። የምትነድፉት መሣሪያ ደኅንነቱ በተጠቃሚው ጥንቃቄ ላይ የሚመሠረት ከሆነ፣ ተጠቃሚው ያንን ያውቃል? ሊያውቅ የማይችል ከሆነ መፍትሔውን በመመሪያ ገጽ ላይ ሳይሆን በመሣሪያው ውስጥ ማኖር የነዳፊው ግዴታ ነው። ለታሪክ ተማሪዎችም የምለው አለኝ፦ ዕውቀት መቼ ተገኘ ብላችሁ ስትጠይቁ፣ ለማን ደረሰ ብላችሁም ጠይቁ።