ትርኢት ሲጋመስ መግባት፦ ከለንደን እስከ ብሮድዌይ

የመጀመሪያው ክፍል አልቆ ታዳሚው ለእረፍት ወደ ውጭ ሲወጣ ከሕዝቡ ጋር ተቀላቅሎ ያለ ቲኬት መግባትና ባዶ ወንበር ፈልጎ መቀመጥ በኒውዮርክ ብሮድዌይ የቆየ ልማድ ነው። ዛሬ በድብቅ የሚደረገው ይህ ነገር ግን በአንድ ወቅት በሌላ ከተማ በአደባባይ የታወቀና ዋጋ የወጣለት የተመልካች መብት ነበር።

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የለንደን ዋና ቲያትር ቤቶች ድሩሪ ሌንና ኮቨንት ጋርደን ነበሩ። የምሽቱ ዝግጅት ረጅም ነው። ባለ አምስት ገቢሩ ዋና ተውኔት ይቀድማል፤ አጭር ኮሜዲ ወይም ፓንቶማይም ይከተላል። መጋረጃው የሚከፈተው አመሻሹ ላይ፣ 12 ሰዓት ገደማ ስለነበር የሱቅ ሠራተኛው፣ ጸሐፊውና የእጅ ሙያ ተለማማጁ ሥራቸውን ጨርሰው በሰዓቱ መድረስ አይችሉም። ስለዚህ ሦስተኛው ገቢር ካለቀ በኋላ የሚመጣ ሰው ግማሽ ዋጋ ከፍሎ ይገባ ነበር። ቲያትር ቤቱም ባዶ የቀረውን ወንበር ይሞላበታል።

ይህን ልማድ ለማስቀረት የተደረገው ሙከራ ብርቱ አመፅ አስነሣ። እ.ኤ.አ. በጥር 1763 የድሩሪ ሌን ሥራ አስኪያጅና የዘመኑ ስመ ጥር ተዋናይ ዴቪድ ጋሪክ ግማሽ ዋጋን ሊያስቀር ሲነሣ ታዴዎስ ፊትዝፓትሪክ የተባለ ሰው ተቃዋሚዎቹን መራ። ጥር 25 ምሽት «ሁለቱ የቬሮና ጨዋዎች» በሚታይበት አዳራሽ ውስጥ አግዳሚ ወንበሮች ተነቀሉ፤ የመብራት መስተዋቶች ተሰባበሩ። ጆን ሙዲ የተባለው ተዋናይ ትዕይንቱ የተሣለበትን ሸራ ሊያቃጥል የነበረ ሰው ይዞ ባያስቆም ኖሮ፣ በሻማ በሚበራው በዚያ ቤት ውስጥ እሳቱ ከፍተኛ አደጋ ያደርስ ነበር። ጋሪክ በማግሥቱ የተመልካቹን ጥያቄ ተቀበለ። ተረኛው ኮቨንት ጋርደን ነበር። ሥራ አስኪያጁ ጆን ቢርድ እምቢ በማለቱ የካቲት 24 «አርታክሰርክሰስ» የተባለው ኦፔራ ሲቀርብ የአዳራሹ ውስጥ ተሰባበረ። በመጨረሻ እርሱም እጁን ሰጠ።

ግማሽ ዋጋ ከዚህ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዘለቀ። ያጠፋው ክልከላ ሳይሆን የቲያትር ቤቱ አሠራር መለወጥ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጋረጃው የሚከፈትበት ሰዓት እየመሸ ሄደ፤ የተደራረበው ዝግጅት ቀርቶ በምሽት አንድ ተውኔት ብቻ መታየት ጀመረ፤ ወንበሮችም ቁጥር ተሰጥቷቸው አስቀድመው ይሸጡ ጀመር። ግማሽ ላይ የሚመጣ ሰው የሚገባበት ሕጋዊ በር በዚህ ተዘጋ።

ትርፍ ወንበርና ገንዘብ የሌለው ተመልካች ግን አልጠፉም። የብሮድዌይ ሙዚቃዊ ተውኔቶች አብዛኞቹ በሁለት ገቢር ተከፍለው በመሐል የ15 ደቂቃ ያህል እረፍት አላቸው። ቲያትር ቤቶቹ በጠባብ ቦታ ላይ የተሠሩ በመሆናቸው ታዳሚው በእረፍት ሰዓት የእግረኛ መንገዱን ይሞላዋል። ቲኬት ከመጀመሪያው ገቢር በፊት ከታየ በኋላ ሲመለሱ የሚጠይቅ አልነበረም። ስለዚህ ትርኢቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከጀመረ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ደህና ልብስ ለብሶ፣ «ፕሌይቢል» የተባለውን የትርኢት መጽሔት በእጁ ይዞ ከሕዝቡ ጋር መግባት ይበቃ ነበር። የገባው ሰው ከኋላ ቆሞ መብራቱ እስኪደበዝዝ ይጠብቅና ባዶ ሆኖ የቀረውን ወንበር ለይቶ ይቀመጥ ነበር፤ ባለቤቱ ከመጣም ይነሣለት ነበር። የትወናና የውዝዋዜ ተማሪዎች በዚህ መንገድ ታላላቅ ባለሙያዎችን ለማየት ችለዋል። ዋጋ ሳይከፈል የሚገኘው ግን ታሪኩ የተጠነሰሰበት መጀመሪያ የጎደለው ግማሽ ተውኔት ነው፤ ለደራሲውና ለተዋናዩም ከዚያ ወንበር አንዳች አይደርሳቸውም።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2001 በኒውዮርክ ላይ ከደረሰው የሽብር ጥቃት በኋላ በየበሩ ፍተሻ ተጠናከረ። ቲኬትን በመሣሪያ ማንበብ ተለመደ፤ ያለ እረፍት በ90 ደቂቃ የሚያልቁ ተውኔቶችም በዙ፤ ስለዚህ ሾልኮ መግባት እየከበደ ሄደ። በሌላ በኩል ሕጋዊው ርካሽ መግቢያ ቀደም ብሎ መመለስ ጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 በታይምስ አደባባይ አጠገብ የተከፈተው ቲኬቲኤስ የተባለው ሱቅ ያልተሸጡ ወንበሮችን በዚያው ዕለት እስከ ግማሽ ዋጋ በሚደርስ ቅናሽ መሸጥ ጀመረ። በ1996 ብሮድዌይ የደረሰው «ሬንት» የፊት ሁለት ረድፎቹን በ20 ዶላር አቀረበ። ወጣቶች ለእነዚህ ወንበሮች ደጅ ላይ ተሰልፈው ያድሩ ስለነበር አሰጣጡ በኋላ በዕጣ ሆነ። በ2015 «ሃሚልተን» በዕጣ የሚደርስ የ10 ዶላር ቲኬት አዘጋጀ።

የ1763ቱ ሕዝብ የጠየቀው ይህንኑ ነበር፤ ሙሉ ዋጋ ለማይችል ሰው ክፍት የሆነ በር። ትርፍ ወንበርን ለእንዲህ ያለው ተመልካች በቅናሽ መስጠት ለቲያትር ቤቱም ይበጃል፦ አዳራሹ ይሞላል፣ ባለሙያው ድርሻውን ያገኛል፣ ተመልካቹም ተውኔቱን ከመጀመሪያው ገቢር ጀምሮ ያያል።