የቄስ ቶማስ ቻልመርስ የእጅ ጽሑፍ ስብከቶች

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በስኮትላንድ ይኖር የነበረው ምእመን ግን ስብከትን በሚመለከት አስተያየቱ ከዚህ የተለየ ነበር። ሰባኪው ወረቀት ይዞ ወደ መስበኪያው ሰገነት ሲወጣ ካየ፣ ቃሉ ከልብ ሳይሆን ከቀለም የመነጨ ነው ብሎ ይጠራጠር ነበር። ይሁን እንጂ በዚያው አገርና በዚያው ዘመን ከፍተኛ ዝና ያተረፉት ሰባኪ፣ ቄስ ቶማስ ቻልመርስ፣ ከወረቀታቸው የማይለዩ ሰው ነበሩ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም እነዚያ ወረቀቶች ስለ ጸሐፊያቸው ምን እንደሚመሰክሩ በአጭሩ መግለጽ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቻልመርስ በ1780 በፋይፍ አውራጃ፣ አንስትራዘር በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ተወለዱ። የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ፕሬስቢቴሪያን ናት፤ ይኸውም የምትተዳደረው በጳጳሳት ሳይሆን በቀሳውስትና በምእመናን ሽማግሎች ጉባኤ ነው። በ1803 ኪልመኒ በተባለች የገጠር ደብር ተሾሙ። ልባቸው ግን በሒሳብ ላይ ነበር፤ በሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲም ሒሳብ አስተምረዋል። በ1805 ስማቸውን ሳይገልጹ ባሳተሙት አነስተኛ መጽሐፍ፣ አንድ ቄስ የደብሩን ሥራ ከፈጸመ በኋላ በሳምንት አምስት ቀን ለሳይንስ ምርምር ሊያውል እንደሚችል ተከራከሩ። ክህነትንና ሳይንስን አጣምሮ መያዝ በዚያ አገር እንግዳ ነገር አልነበረም። ለሙያችን ባልደረቦች የታወቀው የስተርሊንግ ሞተር ፈልሳፊ፣ በ1816 የፈጠራ መብታቸውን ለማስጠበቅ ያመለከቱት ሮበርት ስተርሊንግ፣ የዚያችው ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበሩ።

በ1809 ቻልመርስ በጽኑ ታመሙ። ከሕመማቸው ጋር የመጣው የሕሊና ምርመራ እስከ 1811 ድረስ ቆይቶ እምነታቸውንም ሆነ የስብከታቸውን ይዘት ለወጠው። ከዚያ በፊት የነበረው ስብከታቸው በአመዛኙ ስለ መልካም ጠባይ፣ ስለ ሐቀኝነትና ስለ ማኅበራዊ ግዴታ የሚያስተምር ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ግን ስለ ኃጢአትና ስለ ጸጋ ሆነ። በ1815 ኪልመኒን ሲለቁ ለምእመናኑ በጻፉት የስንብት ቃል፣ ለብዙ ዓመታት ስለ ሥነ ምግባር ብቻ ሲሰብኩ በሕዝቡ ኑሮ ላይ ያመጡት ለውጥ እንዳልነበረ በግልጽ ተናገሩ። መሐንዲስ ይህን ቢያነብ፣ ያልሰመረ የሙከራ ውጤት ሳይሸሸግ የቀረበበት ሪፖርት ነው ይለዋል።

ወረቀታቸውን እንዲተዉ የመከሯቸው ወዳጆች አልጠፉም። እንግሊዛዊው የባፕቲስት ሰባኪ አንድሩ ፉለር በ1813 ኪልመኒን ጎብኝተው ነበር። ቻልመርስ ወረቀቱን ቢጥሉ ስኮትላንድን በሙሉ ሊገዙ ይችላሉ ሲሉም አስተያየት ሰጡ። ቻልመርስ ምክሩን ተቀብለው ቢሞክሩትም፣ ሐሳቡ እየበዛ ከንግግሩ ልክ ስላለፈባቸው ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ። ስለዚህ ወረቀቱ የስንፍና ምርኩዝ ሳይሆን፣ የሞላ ወንዝ አቅጣጫውን እንዳይስት የተሠራ ግድግዳ ነበር ለማለት ይቻላል።

የዚህም ፍሬ በግላስጎው ከተማ ታየ። በ1815 ወደ ትሮን ቤተ ክርስቲያን ተዛውረው፣ ከዚያው ዓመት ኅዳር ጀምሮ ተራቸው በደረሰ ሐሙስ ቀን ስለ ሥነ ፈለክና ስለ ክርስትና ሰባት ተከታታይ ስብከቶችን አቀረቡ። ጠፈር ይህን ያህል ሰፊ ከሆነ እግዚአብሔር ለዚህች ትንሽ ምድር ለምን ይጨነቃል ለሚለው ጥያቄ መልስ ሲሰጡ፣ ቴሌስኮፕ የታላቁን ዓለም ስፋት እንደ ገለጠ ሁሉ ማይክሮስኮፕ ደግሞ ለጥቃቅኑ ፍጥረት የተደረገውን ጥንቃቄ ገልጧል ሲሉ አስረዱ። ነጋዴው በሥራ ቀን መደብሩን ትቶ ይሰማቸው ነበር። ስብከቶቹ በ1817 መጀመሪያ ሲታተሙ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 20,000 የሚጠጋ ቅጂ ተሸጠ። ይህ ሁሉ ሲሆን ቻልመርስ በጠንካራ የፋይፍ አነጋገር፣ መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ ያነቡ ነበር። ወረቀት እያዩ መስበክን የምትጠላ አንዲት ባልቴት ቻልመርስን ስታደንቅ፣ እሳቸውም እኮ የሚያነቡ ናቸው ቢሏት፣ ማንበቡንስ ያነባሉ፣ ንባባቸው ግን ሌላ ነው ብላ መለሰች እየተባለ ይነገራል።

የእጅ ጽሕፈታቸው ለሌላ ሰው አስቸጋሪ ነበር። ቤተሰቦቻቸው ደብዳቤያቸውን ማንበብ ሲያቅታቸው፣ ራሱ መጥቶ እስኪያነብልን ይቆይ ብለው ያስቀምጡት ነበር ይባላል። በዚህም ላይ ሾርትሃንድ በሚባለው የአጭር ጽሕፈት ስልት ይጠቀሙ ነበር። እንዲህም ሆኖ ወረቀቶቹ አልተጣሉም። ቻልመርስ በ1847 ካረፉ በኋላ አማቻቸው ዊልያም ሃና የቀሩትን ጽሑፎች በ9 ቅጽ ሲያሳትሙ፣ ከነዚህ አንዱን ከ1798 እስከ 1847 ድረስ የተዘጋጁ ስብከቶች እንዲይዝ አደረጉ። ሃና የታላቁን ሰው ዝና ለመጠበቅ ሲሉ የወጣትነቱን ስብከቶች ሊያስቀሩ ይችሉ ነበር፤ ግን አላስቀሯቸውም። በዚህም ምክንያት አንባቢ የአንድን ሰው ሐሳብ በደረሰበት ብቻ ሳይሆን በተጓዘበትም መንገድ ሊከተለው ቻለ።

ቻልመርስ ራሳቸውም የቀድሞ ጽሑፋቸውን አልካዱም። በ1825 በቤተ ክርስቲያኒቱ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንድ ተከራካሪ ያንን የ1805 መጽሐፍ ጠቅሶ ቢሞግታቸው፣ ጸሐፊው እኔ ነኝ ብለው ተነሡ። የሒሳብ ሰው ሆነው ሳለ ሁለት መጠኖችን፣ ማለትም የዘመንን ማጠርና የዘለዓለምን ርዝመት፣ ሳያሰሉ መቅረታቸውንም በአደባባይ አመኑ። ከ18 ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1843፣ ቄስን የመሾም መብት የባለርስቶች ነው ወይስ የምእመናን በሚለው ክርክር ከ450 በላይ ቀሳውስት ከቤተ ክርስቲያኒቱ ተለይተው ነፃ ቤተ ክርስቲያን ሲያቋቁሙ፣ የመጀመሪያው የጉባኤ መሪ እኚሁ ሰው ሆኑ። በአደባባይ ስሕተቱን ያመነ ሰው የሕዝብ አመኔታ እንዳልጎደለበት ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

ዛሬ ወረቀቶቻቸው በኤዲንበርግ በኒው ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ያ የሚያስደንቅ ድምፅ በወረቀቱ ላይ የለም፤ ከሰሚዎቹ ጋር አልፏል። የቀረው የሐሳቡ አካሄድ ነው። በእኛም ሙያ የመጨረሻው ንድፍ ጸድቆ በመዝገብ ሲቀመጥ፣ የተተዉት ንድፎችና የመጀመሪያዎቹ ስሌቶች ብዙውን ጊዜ ይጣላሉ። የጸደቀው ንድፍ ምን እንደተሠራ ይነግራል፤ ለምን እንደዚያ እንደተሠራ የሚያውቁት ግን የተጣሉት ናቸው። ድልድዩን ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚጠግነው ባልደረባችን የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።