ከበሮ ያልገባበት ቤት

አንድ ፒያኖ፣ አንድ ባስ። በቃ፣ ሌላ የለም። የሙዚቃ አፍቃሪዎች ማኅበር በአነስተኛ አዳራሽ አባሎቹን ሰብስቦ እንዲህ ያለ የጃዝ ጥንድ ሲጋብዝ፣ ገና ሳይጀመር «የቀሩትስ የት አሉ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ድራሙስ? ትራምፔቱስ? ዘፋኙስ? ጥያቄው የዋህ ይመስላል እንጂ የዋህ አይደለም። ሁለቱ ሰዎች ብቻቸውን የቀሩት መርጠው ነው ወይስ ተገደው? መልሱ ሁለቱም ነው። እንዴት ሁለቱም እንደሆነ ታሪኩን ተከትለን እንይ። (ለይቼ ካልጠቀስኩ በስተቀር ዘመኖቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ ባሱ። ባስ ከቫዮሊን ወገን ትልቁ፣ ሰው ቆሞ አቅፎት የሚጫወተው፣ አራት ክር ያለው መሣሪያ ነው። በጃዝ መጀመሪያ ዘመን ሥራው የተሸካሚ ሥራ ነበር። ሌሎቹ ሲዘሉ እሱ መሬቱን ይይዝላቸዋል። በብዙ ቡድኖችም ቦታውን ቱባ የሚባለው ትልቁ የነሐስ ጥሩምባ ወስዶበት ቆይቷል። ቤት ሲሠራ መሠረቱን የሚያደንቅ ማን አለ? ሰው ረግጦት ያልፋል እንጂ ጎንበስ ብሎ አያየውም። ባስም እንደዚያው ነበር።

ይህን በመለወጥ በኩል የአንድ ወጣት ስም ከሁሉ በፊት ይነሣል። ጂሚ ብላንተን በ1918 በቴነሲ ክፍለ ግዛት፣ በቻታኑጋ ከተማ ተወለደ። በ1939 ሴንት ሉዊስ ውስጥ ሲጫወት ዱክ ኤሊንግተን ሰማውና ወደ ኦርኬስትራው ወሰደው። ኦርኬስትራው ግን ቢሊ ቴይለር የሚባል ባስ ተጫዋች ነበረው። ኤሊንግተን ታዲያ ነባሩን አላባረረም፤ ለጥቂት ጊዜ ሁለት ባሶች ጎን ለጎን ቆሙ። በ1940 መጀመሪያ ላይ ቴይለር ራሱ ትቶ ሄደ። ከዚያ ልጅ አጠገብ ቆሞ መጫወት ቀላል ነገር አልነበረማ!

ኤሊንግተን ያን ጊዜ በዓለም የታወቀ የኦርኬስትራ መሪ ነው። ከጀርባው ከደርዘን በላይ ሙዚቀኛ አለ። ሆኖም በኖቬምበር 1939 ያን ሁሉ ሰው ወደ ጎን ትቶ ከብላንተን ጋር ለሁለት ብቻ ሸክላ አስቀረጸ። በኦክቶበር 1 ቀን 1940 ደግሞ ቺካጎ ላይ አራት ዜማ ጨመሩ። ከነዚህ አንዱ «ፒተር ፓንተር ፓተር» ይባላል። የያኔው ሸክላ አንድ ገጹ ከሦስት ደቂቃ እምብዛም አይበልጥም፤ በዚያች ሦስት ደቂቃ ግን የተሸካሚው ማዕረግ ተለወጠ። ፒያኖው አንድ ነገር ይጥላል፣ ባሱ ይመልሳል። ባሱ ይቀድማል፣ ፒያኖው ቆም ብሎ ያደምጣል። «ቦዲ ኤንድ ሶል» በተባለው ዜማ ላይ ደግሞ ብላንተን ደጋን ያነሣል፤ ወፍራሙ ክር እንደ ሰው ጉሮሮ ይዘፍናል። በአንድ የማሲንቆ ክር ስንቱን ሲናገሩ ሰምተን ላደግነው ለእኛ ይህ ብዙ ላይገርመን ይችላል። ለጃዝ ዓለም ግን አዲስ ነበር።

ብላንተን ብዙ አልቆየም። የሳንባ ነቀርሳ ይዞት በጁላይ 1942 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሞተ። ዕድሜው 23 ነበር። ከእኛ ውስጥ ስንቱ በዚህ ዕድሜ ገና የመመረቂያ ጽሑፉን ርዕስ ይፈልጋል! ኤሊንግተን ግን አልረሳውም። ከ30 ዓመት በኋላ፣ በዲሴምበር 1972፣ በብላንተን ሸክላዎች ጥበብ የተማረውን ሬይ ብራውንን ይዞ ለሁለት ብቻ አንድ ሙሉ አልበም ቀረጸ። ርዕሱ «ይህ ለብላንተን ነው» እንደ ማለት ነው፤ «ፒተር ፓንተር ፓተር»ም ተመልሳ መጣች። በሚቀጥለው ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም.፣ ኤሊንግተን ከኦርኬስትራው ጋር አዲስ አበባ መጥቶ ተጫውቷል፤ ከንጉሠ ነገሥቱም እጅ ተሸልሟል፤ ከሙላቱ አስታጥቄም ጋር ተገናኝቷል። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ዐረፈ።

እስካሁን ያየነው የምርጫውን ታሪክ ነው። አሁን ወደ ግዴታው እንሻገር። ቦታው ኒው ዮርክ ነው።

በ1926 የከተማው አስተዳደር «የካባሬ ሕግ» የሚባል አወጣ። ሙዚቃና ዳንስ ያለበት መጠጥ ቤት ሁሉ ልዩ ፈቃድ ያውጣ ተባለ። ጊዜው ሀርለም ውስጥ ጥቁርና ነጭ በአንድ አዳራሽ መጨፈር የጀመሩበት ነው፤ ብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች የሕጉ ዓይን ያረፈው እነዚህ ቤቶች ላይ ነበር ይላሉ። ከ1940 ጀምሮ ደግሞ ሙዚቀኛው ራሱ የጣት አሻራውን ሰጥቶ ከፖሊስ ካርድ እንዲያወጣ ተገደደ። ካርድ የሌለው በከተማው ክለቦች አይሠራም። ቢሊ ሆሊዴይ ከታሰረች በኋላ ካርዷን አጣች። ፒያኒስቱ ቴሎኒየስ መንክ በ1951 ተነጥቆ እስከ 1957 ድረስ በገዛ ከተማው ክለቦች ሳይጫወት ስድስት ዓመት ያህል አለፈው።

ካርዱ በ1967 ቀረ። የቤቱ ፈቃድ ግን አልቀረም። ፈቃድ የሌለው ቤት ማጫወት የሚችለው ከሦስት የማይበልጡ ሙዚቀኞችን ነው፤ እነሱም ቢሆኑ ፒያኖ፣ ጊታር፣ ባስና እነዚህን የመሳሰሉትን ብቻ። ድራምና የሚነፋ መሣሪያ ክልክል! ልብ በሉ፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ቫዮሊን ሙዚቃ ሲሆን ሳክስፎን ሕገ ወጥ ሆነ ማለት ነው። የጃዝን ሁለት ሳንባ ዘግቶ «ተንፍስ» እንደ ማለት አይደል?

በዚህ ዘመን፣ በ1969፣ ብራድሊ ካኒንግሃም የሚባል ሰው በግሪንዊች ቪሌጅ «ብራድሊስ» የተባለውን ቡና ቤት ከፈተ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ድራም አይገባም። የገቡት ፒያኖና ባስ ናቸው። እነ ቶሚ ፍላናገን፣ ሀንክ ጆንስ፣ ኬኒ ባረን በፒያኖ፤ እነ ሮን ካርተር፣ ሬድ ሚቸል፣ ጆርጅ ምራዝ በባስ እየተፈራረቁ አመሹበት። ሳክስፎኒስቱ ፖል ዴዝመንድ በ1977 ሲሞት ትልቁን ፒያኖውን ለዚህ ቤት አወረሰ። ልብ የሚነካው፣ የእሱ ሳክስፎን እዚያ ቤት የተከለከለ መሣሪያ መሆኑ ነው።

ድራም ሲቀር ሥራው ሁሉ ይለወጣል። ጊዜውን የሚቆጥር ሌላ ሰው ስለሌለ ባሱ ምቱን በጣቱ ይራመደዋል፤ ቢሳሳት የሚሸፍንለት የለም። ፒያኒስቱም ግራ እጁን መግታት አለበት፤ በወፍራሙ የድምፅ ሠፈር እንዳሻው ቢገባ ባሱን ያፍነዋል። ስለዚህ አንዱ ለአንዱ ቦታ መልቀቅን ይማራል። ቀጥሎ የሚማረው አድማጩ ነው። ብርጭቆ ሲቀመጥ፣ ወንበር ሲንቋቋ ሁሉ ይሰማላ!

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ይነሣል። «እንግዲያው ሕጉ ጥበብን ጠቀመ፤ ክልከላው ባይኖር ይህ ረቂቅ ነገር ባልተወለደ» የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ያገራችን ሰው «ችግር በቅቤ ያስበላል» ይላል። ቅቤው ጣፈጠ ተብሎ ወጡን ያሳጣው ችግር አይመሰገንም። በዚያ ሕግ የተነሣ ሥራ ያጡ ድራመሮችና ነፊዎች ስንት ይሆኑ? ያልተጫወቱት ሙዚቃ በየትም ሸክላ ላይ የለምና ማንም አይቆጥረውም። ደግሞም ታሪኩ ራሱ ይመሰክራል፤ ኤሊንግተንና ብላንተን ለሁለት የተጫወቱት ማንም ሳያስገድዳቸው፣ ሙሉ ኦርኬስትራ እያላቸው ነበር።

የኋላውም ታሪክ ይህንኑ ያጸናል። ቪብራፎን ተጫዋቹ ዋረን ቺያሰንና ጓደኞቹ ከተማውን ከሰሱ፤ በመሣሪያ ላይ የነበረው ገደብ በ1986፣ የሦስት ሰው ገደብ ደግሞ በ1988 በፍርድ ቤት ተሻረ። የካባሬ ሕጉ ጨርሶ የተሻረው በ2017 ነው። ታዲያ ድራም ሲፈቀድ ጥንዱ ጠፋ? አልጠፋም። ብራድሊስ በ1996 ቢዘጋም፣ በዚያው ዓመት ኬኒ ባረንና ቻርሊ ሄደን ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ ክለብ ለሁለት ተጫውተው አስቀረጹ። በ2007 ኪት ጃሬት ሄደንን ቤቱ ጠርቶ «ጃዝሚን» የተባለውን አልበም ቀረጹ። በ2014 ባረን ከዴቭ ሆላንድ ጋር ያወጣው አልበም ርዕስ ደግሞ «የጨዋታ ጥበብ» ብለን ብንተረጉመው ያስኬዳል። እነዚህን ማንም አላስገደዳቸውም።

ስለዚህ፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ አንድ ማኅበር ፒያኖና ባስ ብቻ ቢጋብዛችሁ «በጀት አጥተው ነው» ብላችሁ አትቅሩ። በጀትም አጥተው ሊሆን ይችላል፤ ግድ የለም፣ ሂዱ። ወሬያችሁን በር ላይ ጨርሳችሁ ግቡ። ጆሯችሁን ግን መጀመሪያ ለፒያኖው ሳይሆን ለባሱ ስጡት፤ ፒያኖው ራሱን ያሰማል። ጨዋታው ሲያልቅም በሕግ ተከልክለው በር ላይ የቀሩትን እነዚያን ድራመሮች አንድ ጊዜ አስቧቸው።