አርባ ዓመት የኖረች አንቀጽ

ሰሞኑን ፌስቡክ ስከፍት ወይ «ፌሚኒስት» ወይ «ፀረ ሴት» መባባል ነው። እሱ በረድ ሲል ደግሞ የፓርቲ ደጋፊው «ሴቶችን ነፃ ያወጣነው እኛ ነን» ይለኛል። ሰለቸኝ! እስኪ ታሪኩን እንየው።

የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ሴቶች እንዲመርጡ ፈቀደ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በቁጥር 635 ባልን የቤተሰቡ ራስ አደረገው፤ የጋብቻ ዕድሜውንም ለወንድ 18፣ ለሴት 15 አለ።

ደርግ መጣ። ሴቶችን በማኅበር አደራጀ፣ መፈክር አስያዘ፣ ሰልፍ አስወጣ። ያቺን አንቀጽ ግን ሳይነካት ሄደ። ኢሕአዴግም በ1987ቱ ሕገ መንግሥት እኩልነትን ካወጀ በኋላ የቤተሰብ ሕጉን እስኪያሻሽል አምስት ዓመት ፈጀበት፤ እሱም ሴት የሕግ ባለሙያዎች ተደራጅተው ስለጎተጎቱ ጭምር ነው። በ1992 ዕድሜው ለሁለቱም 18 ሆነ፣ ባልና ሚስትም እኩል ተባሉ። ክልሎች ደግሞ የየራሳቸውን ሕግ ቀስ እያሉ አወጡ።

ሦስት መንግሥት፣ አርባ ዓመት፣ አንድ አንቀጽ!

በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ከየትኛው ወገን ነህ?» የምትሉኝ፦ ሴሚስተሩ ሳያልቅ «ተዳረች» ተብላ ከክፍሌ የቀረችው ልጅ ወገን ነኝ። ሕጉማ አለላት፤ የጠፋው የሚያስከብርላት ነው። የእናንተ ስድድብ ለሷ ምን ጠቀማት?