ነፋስና ጎርፍ በአዳማና በአዋሽ ዳር

ሀሪኬን የሚወለደው ሞቃት ውቅያኖስ ላይ ነው። የባሕሩ ውሃ ሙቀት ከ26 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲያልፍ እርጥበት ያዘለ አየር ሽቅብ ይወጣል፤ ወደ ላይ ሲደርስ ቀዝቅዞ ደመና ይሆናል። በዚያን ጊዜ የሚለቀው ሙቀት ከሥር ሌላ አየር እየሳበ ያወጣል፤ የምድር መሽከርከርም አየሩን እንዲዞር ያደርገዋል። የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 119 ኪሎ ሜትር ሲደርስ በአትላንቲክ ሀሪኬን ይባላል፤ በሕንድ ውቅያኖስ የሚነሣው ተመሳሳይ ማዕበል ሳይክሎን ነው።

ጣራ የሚገነጥለው ነፋሱ ቢሆንም ብዙውን ሕይወት የሚቀጥፈው ውሃው ነው። በ1991 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ማዕከላዊ አሜሪካን የመታው ሀሪኬን ሚች ከ10 ሺህ በላይ ሰው የጨረሰው በአብዛኛው በጎርፍና በመሬት መንሸራተት ነበር። በ2011 ዓ.ም. መጋቢት ሞዛምቢክ የገባው ሳይክሎን ኢዳይም የቤይራን ከተማ አካባቢ በውሃ አጥለቅልቆታል።

እንዲህ ያለ ማዕበል የብስ ላይ ሲወጣ ጉልበት የሚሰጠው ሞቃት ውሃ ስለሚቀርበት ይደክማል። ስለዚህ ከባሕር የራቀችውና 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው አዳማ ሳይክሎን አያሰጋትም። ኢትዮጵያ ግን ጨርሳ አላመለጠችም። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው ሳይክሎን በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ሶማሊላንድን መትቶ፣ ርዝራዡ በሶማሌ ክልል ጎርፍ አስከትሏል።

አዳማ የራሷ ነፋስ አላት። ስምጥ ሸለቆው በሁለት ደጋዎች መካከል የተዘረጋ በመሆኑ አየሩን ሰብስቦ ያሳልፋል። በበጋ በየሜዳው አቧራና ፌስታል እያሽከረከረ የሚነሣው አውሎ ነፋስ ግን ከሀሪኬን ጋር ዝምድና የለውም፤ ፀሐይ ካጋለችው መሬት ተነሥቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይበተናል።

ስምጥ ሸለቆው የሚያሳልፈው ነፋስ ለረጅም ዘመን አቧራ ከማምጣት በቀር አይታወቅም ነበር። በ2004 ዓ.ም. 51 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው አዳማ አንድ፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው አዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ጣቢያ ተመረቁ። ነፋሱ ከልክ ሲያልፍ ማሽኖቹ ክንፋቸውን ራሳቸው አዙረው ይቆማሉ። የአዳማ ነፋስ የሚበረታው ግድቦች ውሃ በሚቀንስባቸው የበጋ ወራት መሆኑ ጥቅሙን እጥፍ ያደርገዋል።

ከነፋሱ ይልቅ አካባቢውን የጎዳው ውሃ ነው። ከጊንጪ አካባቢ ደጋ የሚነሣው አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አቤ ሐይቅ ይገባል እንጂ ባሕር አይደርስም። በክረምት ከአልጋው እየወጣ የሸለቆውን ሜዳ ያጥለቀልቅ ነበር። ከአዳማ በስተደቡብ ያለው ወንጂ ረግረግ ነበር፤ የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. የስኳር ፋብሪካውን ሥራ ሲያስጀምር የሸንኮራው ማሳ ዋና ስጋት ይኸው ወንዝ ነበር።

በአዋሽ ላይ በ1952 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ ሁኔታውን ለወጠው። ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ የተሠራው ይህ ግድብ 43 ሜጋ ዋት ኃይል ከመስጠቱም በላይ የክረምቱን ሙላት ይዞ በበጋ ይለቃል። ሆኖም ከተራቆተው ደጋ የሚታጠበው አፈር ከዓመት ዓመት ከሥሩ እየተኛበት የመያዝ አቅሙን አሳንሶታል። ግድቡ ሞልቶ ውሃ ሲለቀቅ በታች ያሉት ቀበሌዎች ይሰጋሉ። ለዚህም ተጠያቂው ዝናቡ ብቻ አይደለም፤ የላይኛው ተፋሰስ መራቆትም ነው። መተሐራ ላይ ደግሞ ውሃው ከመሬት ሥር መጣ፦ በ1950ዎቹ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው በሰቃ ሐይቅ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሰፍቶ የግጦሽ መሬት ውጧል፤ የባቡር ሐዲዱንና አውራ ጎዳናውንም ተጋፍቷል።

አዳማ ራሷ ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ድረስ ባቡር ይመላለስበት በነበረው መስመር ላይ፣ በጣቢያዋ ዙሪያ ያደገች ከተማ ናት። የተቆረቆረችው በኮረብታዎች በተከበበ ዝቅተኛ ሜዳ ላይ በመሆኑ የዙሪያው ዝናብ ሁሉ ወደ እርሷ ይወርዳል። አፈሩ አሸዋና የእሳተ ገሞራ አመድ የበዛበት ስለሆነ ጎርፉ በቀላሉ ይቦረቡረዋል፤ የተሸከመውን አሸዋ ዲች ውስጥ ይጥልና ተከታዩ ጎርፍ አስፋልቱን ይዞ ወደየቤቱ ይገባል። ዲች መጥረግ ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው፤ ሥራው ከኮረብታው እርከንና ከችግኙ መጀመር አለበት።

የድሬዳዋ የጎርፍ አደጋ ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ በአብዛኛው ዓመት ደረቅ አሸዋ የሆነው የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ውሃውን ያመጣው ከከተማው በላይ ባለው ደጋ የጣለው ዝናብ ነበር። ስለዚህ በቦረቦርና በደረቅ ወንዝ አጠገብ የሚኖሩ ልጆች ደጋው ከጠቆረ፣ በራሳቸው ሰፈር ፀሐይ ብትወጣም፣ ከወንዙ አሸዋ ላይ መውጣት አለባቸው። ከጉልበት በታች የሆነ ፈጣን ውሃ እንኳ አዋቂን ይጥላል፤ ጎርፉ እስኪጎድል መሻገር አይገባም።